የላይ ሰፈር አንድ ድምፅ

አስከሬኑ የተገኘው ለምርጫው አንድ ቀን ሲቀር፣ በአራተኛ «ለ» ክፍል፣ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ነው። ጭንቅላታቸው በሲሚንቶው መድረክ ጠርዝ ላይ፣ እግራቸው ወደ በሩ። ከጎናቸው ባለ ስምንት እርከን የእንጨት መሰላል ተጋድሟል። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው የድምፅ መስጫ ሳጥን ገና ባዶ ነው።

ሟቹ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሲሆኑ፣ ከመጀመሪያው ምርጫ ጀምሮ የላይ ሰፈር ምርጫ ጣቢያ ሰብሳቢ ነበሩ። የከተማው አስር አለቃ ነገሩን በአንድ መስመር ጨርሶት ነበር፦ «መጋረጃ ሲሰቅሉ ከመሰላል ወድቀው»። ታች ሰፈር ይህን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። መሰላል የላይ ሰፈር ፓርቲ የምርጫ ምልክት ነው፤ የታች ሰፈሩ ጃንጥላ ነው። «ዕድሜ ልካቸውን ለመሰላል ኖረው መሰላል ገደላቸው» ተባለ። ላይ ሰፈር ግን አልሳቀም። የሰው እጅ አለበት ብሎ፣ የማን እጅ እንደሆነም አውቃለሁ ብሎ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰብስቧል። አስር አለቃውም ሕዝብ ላለማስቀየም ያንን መስመር ሰርዞ የሰፈሩን ዳቦ ጋጋሪ ሴት በካቴና አስሮ አራተኛ «ሀ» ውስጥ አስቀመጣት።

ከዋናው ከተማ የተላከችው መርማሪ የደረሰችው ይሄኔ ነው። ሃምሳ ዓመት የተጠጋት፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ለምን እንደሆነ የጠየቃት ሰው ካለ፣ «ዱቄቱ ያልፋል፣ እንክርዳዱ እኔ ጋ ይቀራል» ትላለች፤ ሳትስቅ።

በዚህ ከተማ ሰው የሚመርጠው በቤቱ አድራሻ ነው። ከወንዙ በላይ ያለ መሰላልን፣ ከወንዙ በታች ያለ ጃንጥላን። ለምን እንደሆነ የሚያስታውስ የለም፤ አንዳንዱ በውሃ ቧንቧ መስመር የተነሳ ነው ይላል፣ አንዳንዱ በአንድ የፈረሰ ትዳር። ታች ሰፈር ላላ ያለ ነው። በየምርጫው አስራ አምስትም ሃያም ሰው ያፈነግጣል፣ ማንም አይጠይቀውም። ላይ ሰፈር እንዲያ አይደለም። በስድስት ምርጫ ስድስት ጊዜ፣ ከአንድ ድምፅ በስተቀር ሁሉም መሰላል ነው። ያ ድምፅ ሁለት ሆኖ አያውቅም፤ ዜሮም ሆኖ አያውቅም። ያልታወቀውን መራጭ «አንዱ» ብለው ስም አወጡለት። ስም ከወጣ በኋላ ስሙን የሚሸከም ሰው መፈለግ ግድ ሆነ። መጀመሪያ የተሸከመው አንድ ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ እሱ ከሞተ ቆይቷል። አሁን ተራው የዳቦ ጋጋሪዋ ነው።

መርማሪዋ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። የምስጢር ድምፅ መስጫው ግራጫ መጋረጃ ሙሉ ለሙሉ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ ያልተገጠመ እስክሪብቶ አለ፤ የሟቹ ቀኝ አመልካች ጣት በዚያው ቀለም ተነክሯል። የተጻፈበት ወረቀት ግን የትም የለም።

«ትናንት ማን ማን ገባ?» አለች የትምህርት ቤቱን ዘበኛ።

«ጠዋት ልብስ ሰፊው፤ ከዳይሬክተሩ ጋር ሲጨቃጨቁ እስከ በሩ ይሰማል። ሰባት ሰዓት ላይ ባለቤታቸው ምሳ አምጥተው ተመለሱ። ስምንት ላይ ዳቦ ጋጋሪዋ። ዘጠኝ ላይ መዝጋቢው። አስር ላይ ልብስ ሰፊው ድጋሚ መጣና ወዲያው ወጣ። ከዚያ ወዲያ ዝንብ አልገባም።»

«አንተስ?»

«እኔማ በር ላይ ነኝ፣ ኢንስፔክተር። እኔ ከገባሁ በሩን ማን ሊጠብቅ?»

ልብስ ሰፊው በላይ ሰፈር የመሰላል ፓርቲ ተጠሪ ነው። የአንገቱን መለኪያ ሜትር ሳያወልቅ መጣ።

«መጋረጃውን ማን ሰቀለው?»

«እኔ፣ ጠዋት። ሁለቴ ሰፍቼ! መጀመሪያ በአረንጓዴ ሰፋሁት። "አረንጓዴ የመሰላል ቀለም ነው፣ አውጣልኝ" አሉኝ። እህቴ፣ ሰውየው እኮ ራሳቸው መሰላል ናቸው! ጭቅጭቃችን ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም።»

«በምን ላይ ወጥተው ሰቀሉት? በመሰላል?»

ልብስ ሰፊው እንደ ስድብ ቆጠረው። «እዚህ ክፍል ውስጥ? በምርጫ ሰሞን? ዴስክ በዴስክ ላይ ደራርቤ ነው እንጂ። ዳይሬክተሩ የምርጫ ምልክት ከግቢ አያስገቡም። ባለፈው ምርጫ ዝናብ ጣለና ጃንጥላ የያዘውን ሁሉ ከበር አስቀሩት፤ መራጩ እንደ ድመት በስብሶ ነው ድምፅ የሰጠው። የትምህርት ቤቱን መሰላል ሰኞ ዕለት በገዛ እጃቸው መጋዘን ቆለፉበት።»

«ቁልፉስ?»

«ያው፣ ከዚህ ክፍል በር ጀርባ፣ ሚስማሩ ላይ።»

«አስር ሰዓት ላይ ለምን ተመለሱ?»

«አረንጓዴውን መጋረጃዬን ልወስድ። አንኳኳሁ፣ በሩ ተቆልፏል። ሸለብ አድርጓቸዋል ብዬ ሄድኩ።»

«አንዱ ማን ይመስልዎታል?»

«ይመስለኛል ምን ያስፈልጋል? ዳቦ ጋጋሪዋ ናታ! እሱ ካልሆነ ማን ይሆናል?»

«እሱ?»

«እሷ። ያው ነው።»

«ከመጀመሪያው ምርጫ ጀምሮ ነበረ?»

«ኧረ አልነበረም! የመጀመሪያ ጊዜ አንድ ልብ ሆነን አንድም ሰው ሳይቀር መሰላል። የምርጫው የበላይ መሥሪያ ቤት ሰረዘብን። በሳምንቱ ድጋሚ ስንመርጥ ነው አንዱ ብቅ ያለው።»

«ለምን ተሰረዘ?»

«ወረቀት ጎድሎ ነው ብለውናል፣ ዳይሬክተሩ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀምጣለች። ካቴናው ለቀጭን እጇ ሰፊ ነው፤ እንዳይወልቅ እሷው ደግፋ ይዛዋለች።

«አምስት ዓመት ሙሉ "አንዱ" ይሉኛል» አለች። «አንዷ እንኳ አይሉኝም። ሰው ሲጠላ ሴትነቱንም ይቀማል እንዴ?»

«ዳቦሽን አይገዙም?»

«በጓሮ ይገዛሉ። ዳቦው ላይ ቂም የላቸውም፤ እኔ ላይ ነው። ኢንስፔክተር፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ታላቂቱ ሰባት ዓመቷ ነው። እኔ ታስሬ ባድር እነሱን በጓሮም በፊትም የሚያስገባቸው የለም።»

«ትናንት ዳይሬክተሩ ለምን ጠሩሽ?»

«"ምርጫው ከመከፈቱ በፊት በሰው ሁሉ ፊት አንድ ወረቀት አነባለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካሽም" አሉኝ። እየጻፉ ነበር። ልጠጋ ስል በእጃቸው ሸፈኑት።»

«በፊት በር የሚመጣ ሰው ጭራሽ የለም?»

«መዝጋቢው ብቻ። ሰኞ ዕለት መጥቶ ሁለት ዳቦ ገዛና፣ "አንቺ ከሆንሽ ወንድሜን ማን እንዳሳተው ገባኝ። አንቺ ካልሆንሽ ግን ራሱ ወጥቶ ይናገር፣ ይሄ ፈሪ!" አለኝ። ያንን ተናግሮ እንኳ አመሰግናለሁ ብሎ ነው የወጣው። ጨዋ ሰው ነው።»

መርማሪዋ ቃል በቃል ጻፈችው።

መዝጋቢው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነው። አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል። የኮቱ ኪስ ላይ ሦስት እርሳስ በቁመታቸው ቅደም ተከተል ተሰክቷል።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመራጮችን መዝገብ አምጥቼ በሩ ላይ ሰጠኋቸው» አለ። «አልገባሁም።»

«ደህና ነበሩ?»

«ደህና ነበሩ።»

«ሰዓት ጠጋኙ ወንድምህ ነው አሉኝ።»

«ታላቄ ነበር።»

«አንዱ እሱ ነው ብሎ የተናገረው ማን ነው?»

መዝጋቢው አንደኛውን እርሳስ አወጣና መልሶ ሰካው። «እኔ። የዛሬ አስራ አምስት ዓመት፣ ከአራተኛው ምርጫ በኋላ። እራት እየበላን "የጃንጥላዎቹ የመንገድ ዕቅድ አይከፋም" ብሎኝ ነበር። ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ።»

«ከዚያስ?»

«ሰዓት የሚያሠራ ጠፋ። ቀጥሎ ሰላም የሚለው ጠፋ። በዓመቱ ሱቁ ውስጥ ራሱን ሰቅሎ ተገኘ። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች በሙሉ ይሠሩ ነበር።»

«በሚቀጥለው ምርጫ ግን አንዱ ድጋሚ መጣ።»

«መጣ።»

«ያኔ ምን አልክ?»

«ተከታይ ትቶ ነው የሞተው አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?»

«አሁንስ? አንዱ ማን ይመስልሃል?»

«እኔ ምን አውቄ» አለ መዝጋቢው፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። «በየምርጫው ያቺን አንዲት ወረቀት ጣል አድርገው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ እኛ እዚህ እንባላለን።»

መርማሪዋ ይህንንም ጻፈች። ከዚያ ደብተሯን ዘጋች። «በቃኝ። አስር ሰዓት ላይ እዚሁ እንገናኝ» አለችው።

መርማሪዋ የሟቹን ባለቤት ቤታቸው ውስጥ፣ ባላቸው የሚቀመጡበትን ወንበር ባዶ ትተው፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ እንኳ ማንንም ሳያስቀምጡበት አገኘቻቸው።

«እማማ፣ ማታ ሲቀሩ ለምን አልፈለጓቸውም?»

«ልጄ፣ የምርጫው ወረቀት ከመጣ በኋላ ከሳጥኑ ጋር ነው የሚያድረው። ሁሌም እንዲሁ ነው። ያገባሁት ሰብሳቢ ነው።»

«ስለ አንዱ ምን ይሉ ነበር?»

«ምንም። ወሬው ከተነሳ ተነስቶ ይወጣል። ሰዓት ጠጋኙ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ሆዱን አሞት መስሎኝ መድኃኒት አፈላሁለት።»

«እሳቸው ማንን ነበር የሚመርጡት?»

«መሰላልን ነዋ! ግን መርጦ ሲመለስ ደስ ብሎት አያውቅም። ሰው ቀብሮ የመጣ ነው የሚመስለው።»

መርማሪዋ መሳቢያውን ለማየት አስፈቀደች። ከሥር፣ በጡረታ ደብዳቤውና በጋብቻ ወረቀቱ መካከል፣ የበላይ መሥሪያ ቤቱ የጻፈው አሮጌ ደብዳቤ ነበር፦ «በጣቢያችሁ አንድም የተለየ ድምፅ ያልተገኘበት ውጤት ተዓማኒነት ስለሚጎድለው ተሰርዟል።» ከደብዳቤው ግርጌ በአስተማሪ ቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቃል ተጽፏል፦ «አንድ ይበቃል።»

አስር ሰዓት ላይ ሁሉም አራተኛ «ለ» ገቡ። አስከሬኑ ተነስቷል፤ መሰላሉ እዚያው ነው። ባለቤታቸው የአስተማሪው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው፣ ዳቦ ጋጋሪዋና መዝጋቢው እንደ ተማሪ ዴስክ ላይ ተደረደሩ። አስር አለቃው በሩን ይዞ ቆመ። በመስኮቶቹ በኩል የላይ ሰፈር ግማሹ ግንባሩን መስታወት ላይ ለጥፏል።

«ከመሰላሉ እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «ዳይሬክተሩ በምርጫ ሰሞን አረንጓዴ ጨርቅ እንኳ እዚህ ክፍል አላስገቡም። መሰላሉን ቆልፈውበታል። መጋረጃው ከጠዋት ጀምሮ ተሰቅሏል። ስለዚህ መሰላሉን ያመጡት እሳቸው አይደሉም፤ የሚወጡበትም ምክንያት የለም። ሰው ገፍቷቸው ጭንቅላታቸው መድረኩ ላይ አርፏል። መሰላሉ ሚስማሩ ላይ ባለው ቁልፍ መጋዘኑ ተከፍቶ በኋላ የመጣ ነው፤ ያመጣውም ሰው በድንጋጤ ያመጣው ነው። አስር ሰዓት ላይ በሩን ከውስጥ ቆልፎ የነበረውም እሱ ነው። ቢረጋጋ ኖሮ ሌላ ነገር ይመርጥ ነበር።»

«ያው አንዱ ነዋ!» አለ ልብስ ሰፊው። «ሊያጋልጡት ሲሉ...»

«አንዱን ልነግርዎት ነው። በመጀመሪያው ምርጫ አልነበረም፤ በሳምንቱ ተወለደ። በዚያ ሳምንት ውስጥ የሆነው ነገር አንድ ነው፤ ይህ ደብዳቤ መጣ።» አነበበችላቸው። «ውጤታችሁ የተሰረዘው ወረቀት ጎድሎ አይደለም። ተቃዋሚ ጎድሎ ነው። ይህን ያወቀው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለማንም አልነገረም። "አንድ ይበቃል" ብሎ ጻፈበት፣ ከዚያም የሚበቃውን አንድ ራሱ ሰጠ። ከሁላችሁ ይበልጥ መሰላልን የሚወዱት ሰው፣ መሰላል እንዲታመን ስድስት ጊዜ ለጃንጥላ ድምፅ ሰጡ።»

ባለቤታቸው፣ «ለዚህ ነው የሚከፋው» አሉ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው።

«ትናንት ያንን እየጻፉ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ወረቀቱን የወሰደው ገዳዩ ነው። ስለዚህ ገዳዩ አንዱ ማን እንደሆነ ትናንት ያወቀ ሰው ነው። ልብስ ሰፊው ዛሬ ጠዋትም አላወቁም፤ ሴትና ወንድ እንኳ እየተምታታባቸው ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋን ሊያድኗት የተነሱትን ሰው የምትገድልበት ምክንያት የላትም። እማማ ይህን ያወቁት አሁን፣ እዚህ ነው፤ ፊታቸውን አይታችኋል።» ደብተሯን ገለጠች። «በዚህ ከተማ አንዱን ሁሉም ሰው "እሱ" ይለዋል። ፈሪ፣ ከሃዲ፣ እሱ። ሰኞ ዕለት መዝጋቢውም፣ "ራሱ ወጥቶ ይናገር፣ ይሄ ፈሪ" ብሏል። ዛሬ ግን፣ "ያቺን አንዲት ወረቀት ጣል አድርገው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ" አለኝ።»

«ብዙ ናቸው ማለቴ ነው» አለ መዝጋቢው።

«አንዲት ወረቀት ስንት ሰው ሆነው ነው ጣል የሚያደርጓት?»

የመዝጋቢው እጅ ወደ እርሳሶቹ ሄደ።

«ከሰኞ እስከ ዛሬ ባለው ጊዜ አንዱ ለአንተ አንቱ ሆነ። ከልጅነትህ ጀምሮ አንቱ ያልካቸው ሰው ሆነው አገኘሃቸው። ገድለሃቸውም እንኳ አንተ ማለት አልሆነልህም። በሩ ላይ ነው የተለያየነው ያልከኝም ውሸት ነው፤ ይህ ነገር በር ላይ ቆሞ የሚነገር አይደለም። ወረቀቱንም አላቃጠልከውም። ወንድምህን ነፃ የሚያወጣ ሌላ ወረቀት የለም። ቤትህ ትተኸው አትመጣም።»

መዝጋቢው የኮቱን የውስጥ ኪስ ከፈተ። ወረቀቱ አራት ላይ ታጥፏል፤ ጠርዙ በጠርዙ ላይ ልክ ገጥሟል። መርማሪዋ ዘረጋችው፦

«እኔ የመሰላል ሰው ነኝ። ውጤታችን እንዳይሰረዝ በየምርጫው የራሴን ድምፅ ለጃንጥላ ሰጠሁ። አንዱ እኔ ነኝ። ሰዓት ጠጋኙ ሲሞት ዝም አልኩ። አሁን ዳቦ ጋጋሪዋን»

እዚያ ላይ ያበቃል።

«ተቀመጥ አሉኝ» አለ መዝጋቢው። ድምፁ የስም ዝርዝር የሚያነብ ነበር የሚመስለው። «እዚች ድረስ ያለውን አነበቡልኝ። "ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ ለሰው ሁሉ አነበዋለሁ፤ አንተ ግን ቀድመህ መስማት አለብህ" አሉኝ። ጋሼ፣ እኔ ስብሰባው ላይ ስናገር እርስዎ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር እኮ፣ አልኳቸው። "ነበርኩ" አሉ። ለምን ዝም አሉኝ? አልኳቸው። "ድፍን ሰፈሩ ይሰረዛል ብዬ ነው" አሉኝ። ገፋኋቸው። አንድ ጊዜ ነው የገፋኋቸው። ተነሱ ብላቸው አልነሳ አሉኝ።»

ባለቤታቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

መዝጋቢው ግን አልጨረሰም። ከኪሱ አንድ እርሳስ አውጥቶ ዴስኩ ላይ፣ ወረቀት ሳይኖር፣ በባዶው እንጨት ላይ ይጽፍ ጀመር። «በአራተኛው ምርጫ መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሦስት መቶ አስራ ሁለት ሰው መረጠ። አንዱን ጋሼን ቀንስ። ሦስት መቶ አስራ አንድ ይቀራል። ሦስት መቶ አስራ አንዱም መሰላል።» ቁጥሩን አየው። «ወንድሜ መሰላልን ነው የመረጠው። ስድቡን ሁሉ ሲጠጣ፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ እሱ ከነሱ አንዱ ነበር። ምነው አንዴ እንኳ አልጠየቅኩትም?»



አስር አለቃው ካቴናውን ከዳቦ ጋጋሪዋ እጅ ፈትቶ ለመዝጋቢው አሰረለት። የከተማው ካቴና ያው አንድ ነው። መርማሪዋ መዝጋቢውን ክንዱን ይዛ ስታስወጣው በሩ ላይ ያለው ሕዝብ መንገድ ለቀቀ። ማንም አልሰደበውም፤ ማንም ዓይኑን አላየውም። ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ጫማውን ያይ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ልብስ ሰፊው የአንገቱን ሜትር ይጠቀልላል፣ መልሶ ይተረትራል። በመጨረሻ ወደ ዳቦ ጋጋሪዋ ጠጋ አለ።

«እ... ለነገ ጠዋት አራት ዳቦ አስቀምጪልኝ እስቲ።»

«ነገ አልጋግርም» አለች የእጇን አንጓ እያሸች። «ነገ ምርጫ ነው።»

«እሱስ ነው። እሱስ ነው።» ልብስ ሰፊው ራሱን ነቀነቀ። ሊሄድ ዞረ፤ ከዚያ ግን አላስችለው አለና ተመለሰ። «ለመሆኑ አንቺ ነገ ማንን ነው...»

አፉን በእጁ ያዘ። ቃሉ ግን ወጥቷል። መስኮቶቹ ላይ ያሉት ግንባሮች አንድ በአንድ ተመልሰው መስታወቱ ላይ ተለጠፉ፤ ግቢው ውስጥ ያለው ሕዝብም መልሷን ለመስማት ፀጥ አለ።